በርሜሉ ካልጎደለ

ለምወድህ ልጄ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍልህ እህትህ አልጠየቀችኝም፤ መጻፌንም አታውቅም። ብታውቅ ኖሮ ወረቀቱን ከእጄ ትነጥቀኝ ነበር። ስለዚህ እዚህ ያለው ቃል ሁሉ የእኔ የእናትህ ነው።

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ትንሿ ልጃችሁ ጥርስ ማውጣት ጀምራለች ብለኸኝ ነበር፤ እንቅልፍ እንደነሳቻችሁ ይገባኛል። አንተም በዚያ ዕድሜህ ቤቱን በአንድ እግሩ አቁመኸው ነበር። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው አካሌ ገና አልካደኝም። «ለምን አልደወልሽም?» ትለኝ ይሆናል። ስልክ ላይ ሰው ይቸኩላል፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ፣ ነገሬን በመስመር በመስመር ካላስቀመጥኩ አይሆንልኝም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንተ የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለምትሠራ እህትህ ያለችበትን ቅርንጫፍ ነገር ከእኔ የተሻለ ታውቀዋለህ። ነገር ግን ከጠረጴዛ ላይ የሚታየውና እኔ ለእህትህ በር ስከፍት የማየው አንድ ላይሆን ይችላል።

የራሷ ሥራ ባንኮች የሚመልሱትን ያረጀ የገንዘብ ኖት ከደህናው መለየት ነው። ኖቱን ከሚለየው ማሽን የሚነሣው ብናኝ ጉሮሮዋ ውስጥ ቤቱን ሠርቷል፤ ከእሷ በፊት ቤት የሚገባው ሳሏ ነው። አጠገቧ የባንኮችን ሪፖርት የሚሰበስብ ልጅ ነበር፤ የግል ባንክ በእጥፍ ደመወዝ ወሰደው። «ሰው እስኪቀጠር ደርበሽ ያዢው» አሏት። የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ «ለጊዜው በተጠባባቂነት ምሪው» አሏት። ያ ጊዜ ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም። ጠዋት ኖት ትለያለች፣ ከሰዓት ሪፖርት ትሰበስባለች፣ በመሀል ኃላፊ ናት። ደመወዟ ግን የአንድ ሰው ነው፤ ያውም ዋናው መሥሪያ ቤት በእሷ ደረጃ የተቀመጠ ሰው ከሚያገኘው ያነሰ። ምክንያቱ «ቅርንጫፍ ባለበት ኑሮ ይረክሳል» ነው አሉ። ይህን ለቲማቲም ነጋዴዋ ብነግራት «ማን ነው የነገራቸው?» ብላ ሚዛኑን ረስታ ሳቀች።

ሐኪሙ ከማሽኑ ክፍል እንድትወጣ መክሯታል። ኃላፊነቱ ቢጸድቅላት ትወጣ ነበር። ስንጠብቅ የኖርነው ይህንኑ ነው።

በዚህ ወር መጀመሪያ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው ሠራተኛውን ሰበሰቡ። ጥናት ተጠንቷል፤ ሰው ሳይኖርባቸው ሥራቸው ሲሠራ የቆየ መደቦች ሁሉ አላስፈላጊ ሆነው ስለተገኙ ይሰረዛሉ አሉ። ሦስቱም ሥራ በእህትህ መደብ ላይ፣ በዚያው ደመወዝ፣ በዚያው በማሽኑ ክፍል ይጠቃለላል። ቅር ያለው እስከ ወሩ መጨረሻ ቅሬታ ያቅርብ ተባለ። አንድ ነገር ቢጓደል ኖሮ መደቡ ይተርፍ ነበር። እሷ ግን አላስጓደለችም። ጥፋቷ ይኸው ነው።

ቅሬታሽን ጻፊ አልኳት። ፊደሉን እኔ አርምልሻለሁ ብዬ መነጽሬን ሁሉ አመጣሁ። «ማንን ልክሰስ፣ እማዬ?» አለችኝ። ጥናቱን የሠራውን ነዋ፣ አልኳት። «እሱም ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይሆናል» ብላ ፊቷን አዞረች። ለማታውቀው ሰው ይህን ያህል መራራቷ ገረመኝ።

በሳምንቱ አንድ የሥራ ባልደረባዋ ሊጠይቀን መጣ። ወሬ አፉ ውስጥ ስለማያድር ቢሮ ውስጥ «ሬዲዮ» ነው የሚሉት። የድሮ ተማሪዬ ስለሆነ ዛሬም ቲቸር ይለኛል። «ቲቸር፣ እኛ ቢሮ ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ ሁላችንም ደርበናል!» ብሎ አሳቀኝ። ቀጥሎም ከዋናው መሥሪያ ቤት ከመጡት ሰዎች የአንዱን ድምፅ አስመስሎ፣ «ጥናቱን ያዘጋጀው ባልደረባችን ባጭሩ እንዳስቀመጠው፣ በርሜሉ ካልጎደለ ቀጂ አልጎደለም» አለ። «እንዴት ያለች አባባል ናት ግን! ከየት አምጥቷት ይሆን?» ብሎ ብቻውን ሳቀ። እህትህ ተነሥታ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። ሬዲዮ ገና ያልጠጣውን ጭምር ከእጁ ወስዳ ወደ ጓዳ ገባች። «ኧረ አልጨረስኩም!» አላት።

በርሜሉ ዛሬም ከማዕድ ቤቱ ጀርባ አለ፤ ሥሩ ዝጓል። ትዝ ይልህ እንደሆነ ውኃ የምትቀዱት በተራ ነበር። ፈተና ሲደርስብህ ያንተንም ተራ እሷ ደርባ ቀዳች፤ ፈተናው አልፎም ተራው ሳይመለስ ቀረ። አንድ ቀን «ተራህ ነው፣ አንተ ሰነፍ!» ብላ ስትጮኽብህ፣ ክዳኑን ከፍተህ ወደ ውስጥ አየህና የመለስክላት መልስ አባትህን እንባው እስኪመጣ አሳቀው። ያን ቀን ከአራታችን በቀር እዚያ የነበረ ሰው አልነበረም። አባትህ ደግሞ ካረፈ ቆየ።

የታዘዘ ሰው የታዘዘውን ይሠራል፤ በዚያ አልፈርድም። ስለዚህ ነገርም ምንም አልጠይቅህም። መልሱን የማውቀውን ጥያቄ ስጠይቅ ነው የኖርኩት፤ አሁን ደክሞኛል።

የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለእህትህ ራስህ ጻፍላት። «ቅሬታሽን አቅርቢ፤ ለማንም አትሳሺ» በላት። እኔ ብላት ብላት አልሰማ ብላኛለች፤ ከአንተ ከመጣ ግን ትሰማለች። ሌላ ማብራሪያ አትጨምርበት፤ አትፈልገውም።

ፈጣሪ ቤትህን በጤና ያቁምልህ። ትንሿን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ አክስቷንም አፏን ሞልታ የምትጠራበት ዕድሜ ይስጣት።

ወሩ እያለቀ ነው። ይህን አንብበህ ስታበቃ ለነገ አትበል፤ ዛሬውኑ ጻፍላት፣ ለእኔም መልስህን ቶሎ ላክልኝ።

እናትህ