ቢቸና ላይ ያቋረጥኩት ዘፈን

ውድ ስጦታው፣

መቼም ጽሕፈቴን ስታይ «ይህን ዶሮ ነው የጫረው» ትላለህ። በል፣ ግድ የለም። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ሰው ጀርባ ላይ የምለጥፈውን ወረቀት ለመጻፍ ብቻ ነው። ዛሬ ግን ቀልድ የለኝም።

እሑድ ሙዚቃዊ ድራማችሁ ላይ፣ ከአዳራሹ ኋላ «ተቀበል!» ብሎ የጮኸው እኔ ነኝ። ድምፄን ሳታውቀው አትቀርም።

ዘፈንህ ውስጥ እኮ የኛ ነገር ሁሉ አለ። በአንድ ሰው ቦታ ለሁለት የተጣበብንባት ባጃጅ፣ ባንድ ጃንጥላ ገበያ መሃል ስንሮጥ ያንተ ግራ ትከሻ የኔ ቀኝ ትከሻ መበስበሱ፣ መብራት ሲጠፋ በስልክህ ብርሃን ካርታ መጫወታችን። በድራማው ጓደኛውን ሆኜ አብሬህ እንድዘፍን ስትለምነኝ «እኔ ፊቴን ዱቄት አልቀባም» ብዬ ሳቅኩብህ። እሑድ የቡድናችሁ ውበቴ በኔ ቦታ ቆሞ፣ አንገትህን አቅፎ ሲዘፍን አየሁ። ሰው አጨበጨበ። ቀናሁ፤ አፌን ደግሞ ታውቀዋለህ። «ተቀበል!» ብዬ ወረወርኩት፦

«ጫማውን አስጠርጎ ከተሜ ነኝ አለ፣
እናቱ ጀርባ ላይ እንጨት እየዋለ።»

ማሲንቆ ባለበት ሰርግ ያደገ ሰው ግጥም ሲሰጡት አፉ ከልቡ ቀድሞ ይቀበላል። አንተም ተቀበልክ። በዚያ ባማረ ድምፅህ፣ እናትህ ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ አንድ ቃል ሳታጎድል ዘፈንከው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ምን እንዳልክ የገባህ ያኔ ነው። ማይኩን መሬት አስቀምጠህ ስትወጣ እኔም እስቅ ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

በማግስቱ እናትህ እማማ ይርጋነሽ እንጨት ተሸክመው መንገድ ላይ አገኙኝ። ልቀበልዎት ብል እምቢ አሉ።

«ግጥሙስ ቤት መትቷል፣ አንተ ምናለ» አሉኝ። «እንጨት መሸከሜም እውነት ነው። ልጄን ግን ዝም አሰኘኸው።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«እኔ ምን ሆንኩ? ሂድና ይህን ለእሱ በል!»

ሞጣ አክስትህ ዘንድ ሄደህ፣ እዚያው በምታሳዩት የቅዳሜው ዝግጅት ላይ አልዘፍንም ብለሃል አሉ። ውበቴ እንደነገረኝ፣ አንተ ካልዘፈንክ ዘፈኑን ከድራማው ሊያወጡት ነው። ስጦታው ወንድሜ፣ በኔ ቅናት እንዳይቀር። እኔም አለሁበት እኮ። እንደዚያ ጥሩ ሰው ሆኜ የታየሁት እዚያ ዘፈን ውስጥ ብቻ ነው።

ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እማማ ይርጋነሽን ይዣቸው እመጣለሁ። «ልጄ የሚዘፍን ከሆነ» ብለው እሺ ብለውኛል። እስክንደርስ ድረስ በማንም እንዳልቀልድ አስምለውኛል፤ ከቢቸና ሞጣ ያለውን መንገድ ታውቀዋለህ፣ ለኔ ሁዳዴ ነው።

እሳቸውን ወንበር አስይዤ እኔ ውጭ እቆማለሁ። አልገባም። ድምፅህን ከግድግዳው ወዲያ ከሰማሁ ይበቃኛል። ስታበቃ በሌላ በር ብትወጣም አልቀየምህም።

ያፈረው ጓደኛህ
ምናለ
ከቢቸና