የቮልሱ ማራገቢያ ሽፋን

ቡታጅራ
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣ ለአቶ ወልደአማኑኤል
ወልቂጤ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? አክስቴ ወለተጊዮርጊስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም። ይህችን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ። አንዴ ኮምፕሬሰሩን ያጠፋሁት አልመስለኝ ብሎ፣ አንዴ የጋራዡን በር ላየው፣ አንዴ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት። ስልክ ብደውል አክስቴ ድምፁን ለቅቃ ቤቱን ሁሉ ስለምታሰማው ወረቀት ይሻላል አልኩ። ሚኒባስ የሚነዳው አሚኑ ነገ ያደርስልሃል።

የሰፈሩ ሰው የሄድከው ጋራዡን ማን ይምራ በሚል ተጣልተን ነው ይላል። እኔም እንዲያ ይበሉ ብዬ ዝም ብያለሁ። የሆነውን የምናውቀው እኔና አንተ ነን፤ እኛም ቢሆን አልተነጋገርንበትም።

ሳላሀዲን ከአባቱ የወረሳትን ቮልስ ይዞ ሲመጣ፣ የሞተሩ ክፍል ከፋብሪካ እንደወጣ ይሁንልኝ፣ የሚያብረቀርቀው ያብረቅርቅ፣ የሚፈዘው ይፍዘዝ ሲለን እንዴት ደስ እንዳለህ ትዝ ይለኛል። ሌላው ደንበኛ ለመስቀል አገር ቤት ሲገባ ከቦልቱ እስከ ጢስ ማውጫው ማርሚታ እንደ መስታወት ካላበራለት ሥራ የተሠራ አይመስለውም። አንተም ዕድሜህን ሙሉ "ሞተር ሙሽራ አይደለም" እያልክ ከሁሉም ጋር ስትከራከር ኖረሃል። በመጨረሻ አንድ የሚገባው ሰው መጣ ብለህ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ቀባህ።

ያየሁትን ልናገር። የአየር ማጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ቀለሙ ወርዶ እንባ ሠርቷል። ለማርሚታው ሙቀት የሚችለውን ቀለም ትተህ ተራውን ጥቁር ቀብተኸዋል። ጣሳዎቹ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው የተጻፈው በትንንሽ ፊደል ነው። ሞተሩ ቢነሳ ኖሮ ቀለሙ እየተቃጠለ በጢስ ያፍነን ነበር። ያኔ ዓይንህ እንደደከመ ገባኝ። ልነግርህ አፌን ከፍቼ አቃተኝ። አርባ ዓመት ቀለም የለየ ዓይን ነው፤ እንዴት ብዬ? ስለዚህ እሑድ አንተ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እኔ ሰንበት ሽሬ በብርጭቆ ወረቀት እየፋቅኩ መልሼ ቀባሁ። ሰኞ ስትገባ "አየሽ፣ እጄ አልሳተም" ስትለኝ ስቄ አሳልፌዋለሁ።

በማራገቢያው ሽፋን ግን ጉድ ሆንኩ። አንተ ቀብተኸው መጠነኛ ወዝ ነበረው፤ ሙሉ አብረቅራቂም አይደል፣ ፈዛዛም አይደል። ስልኬ ላይ ያየሁት ቪዲዮ ደግሞ ፈዛዛ ጥቁር ነው ይላል። ይሄም የዓይኑ ነገር ነው አልኩና አፈዘዝኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ግን ጠርጥሬ ነው የተመነጠርኩት።

ሳላሀዲን እንግዶቹን ይዞ ሥራህን ሊያስጎበኝ የመጣ ዕለት ሽፋኑን በጣትህ ዳሰስከው። ጥፍርህን አስኬድክበት። ፈዛዛ ቀለም ጣት እንደሚይዝ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። እንግዶቹ እስኪወጡ ጠብቀህ፣ ድምፅህን እንኳ ሳታነሳ፣ "ቤዛ፣ ይሄ የእኔ እጅ አይደለም" አልከኝ። ቀጥለህም "ሌላውስ?" አልክ። እኔ ዓይኔን ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ መለስኩ፤ ያም መልስ ሆነህ። በማግስቱ ወልቂጤ ነበርክ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። የቀባሁትን ሁሉ እጠራጠራለሁ፤ ቀብቼ እፍቃለሁ፣ ፍቄ እቀባለሁ። ባለፈው ሐሙስ ጭራሽ ሥራ ጥዬ ጥያ ሄድኩ። ጡረታ የወጡት መምህር ግሩም የዚያኑ ዘመን ቮልስ እንዳላቸው፣ ሞተሩም ከተገዛ ጀምሮ አዲስ ቀለም ነክቶት እንደማያውቅ ሰምቼ ነው። የኋላውን ኮፈን ከፈቱልኝ። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። አባዬ፣ ሽፋኑ ፈዛዛ አልነበረም። አንተ እንደቀባኸው ነበር፣ ልክ እንደዚያው። መምህር ግሩም ምን ሆነሽ ነው ልጄ ሲሉኝ እያለቀስኩ መሆኔን አወቅኩ።

ስለዚህ እውነቱ ይህ ነው። ማጣሪያውንና ማርሚታውን ያስተካከልኩት ዓይንህ ስላላየ ነው፤ አልዋሽህም። ሽፋኑን ያበላሸሁት ግን እኔ ሳላውቅ አውቃለሁ ስላልኩ ነው። ይቅር በለኝ። ዝም ያልኩት ላንተ አዝኜ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ፈርቼ ነው። አንተ ከቀለም ሥራ ከወጣህ ምን ትሆንብኛለህ?

ትናንት ሳላሀዲን መኪናዬስ ብሎ መጣ። ሽፋኑን አባቴ በትክክል ቀብቶት ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩት። ስለ ዓይንህ አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። ትንሽ አሰበና "አልሐምዱሊላህ፣ የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው። እሱ እስኪመጣ ትቆይ" አለኝ። እኔም ሽፋኑን እስከ ብረቱ ፍቄ፣ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት ብቻ ቀብቼ ሰቅዬዋለሁ። ከዚህ በላይ አልነካውም። ከአብረቅራቂው ስንት፣ ከፈዛዛው ስንት እንደሚቀላቀል የምታውቀው አንተ ነህ። አንተ ቀላቅል፣ አንተ ርጭ፤ ጣሳውን እኔ አነብልሃለሁ፣ ቀለሙ መውረድ ሲጀምር እኔ እነግርሃለሁ። ከተቆጣህም እዚህ ሆነህ ተቆጣ። የሚመጣው ማክሰኞ ጠዋት የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። አልሄድም ካልክ እንጣላለን፤ ጠቡም ቢሆን ከዚህ ዝምታ ይሻለኛል።

እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልኝ፣ ዕድሜህን ያርዝምልኝ። እኔንም መርቀኝ፣ ተቆጥተህም ቢሆን።

ማንም እንዳያነብልህ ብዬ በወፍራም ማርከር፣ ፊደሉን አተልቄ ነው የጻፍኩት፤ አሥራ አንድ ገጽ ወሰደ። አክስቴ ምን ይላል ካለችህ፣ ቀለም መቀላቀል አቅቷት ና እያለችኝ ነው በላት። ውሸት አይሆንብህም።

ልጅህ ቤዛ