ለወለምታሽ የላክሁት እንክብል

ጋምቤላ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ አልማዜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሌላውን ሳታነቢ፣ ለወለምታሽ የላክሁልሽን ባለ ሁለት ቀለም እንክብል አቁሚ። ዛሬውኑ። ደብዳቤው ቶሎ እንዲደርስሽ ነገ በአውሮፕላን ለሚሄድ ባልደረባዬ እሰጠዋለሁ።

ምክንያቱን ስጽፍልሽ ፊቴ ይቃጠላል። ፊት ለፊት ብንሆን አልናገረውም ነበር።

ያ መድኃኒት ኢንዶሜታሲን ይባላል፤ ወደ ክሊኒካችን የሚመጣው በጥቂቱ ነው። እኔም ለትልልቅ ሰዎች እያልሁ ከመደርደሪያው ጀርባ እደብቀዋለሁ። ለሌላው ሕዝብ ፓራሲታሞል ይበቃዋል ባይ ነበርሁ። ባለፈው ወር በአንድ ቀን ሁለት ሰዎች ቁርጭምጭሚታቸው ወለም ብሏቸው መጡ። አንደኛዋ ኛቢየል የምትባል የኑዌር ሴት ናት፤ ውሃ ቀድታ ስትወጣ የባሮ ወንዝ ዳገት አንሸራተታት። ሁለተኛው የሰፈራው ካድሬ ጓድ አሸብር ነው፤ ከመኪና ሲወርድ።

ኛቢየል የእንክብሉን ጠርሙስ አየችና "ያንን ስጠኝ" አለች። መከልከያ ፈልጌ በጥያቄ አጣደፍኋት። መድኃኒቱ የታመመ ጨጓራ ስለሚያደማ፣ ደንቡ እንደሚያዘው፣ ሆድሽን ያምሻል? አልኋት። "ሲርበኝ ይቃጠላል" አለች። እሰይ ብዬ፣ እንግዲያው ላንቺ አይሆንም አልኋትና በፓራሲታሞልና በፋሻ ሸኘኋት። ጓድ አሸብርን ግን ማን ደፍሮ ስለ ሆዱ ይጠይቃል? "ጠንካራውን አምጣ" አለኝ። በሁለት እጄ አቀረብሁለት።

በስምንተኛው ቀን ኛቢየል ቀጥ ብላ እየተራመደች መጣች። የደረቀ ዓሣ ይዛልኝ ነበር። "ኪኒን ያንተ ጥሩ ነው፤ እግር ሄደ" አለችኝ። የጓድ አሸብርም እግር በዚያው ሰሞን ዳነ፤ በአንድ ቀን እንኳ አልቀደማትም። እሱ ግን እንክብሉን ወዶት አላቆመም። ለካ የቆየ የጨጓራ ቁስል ነበረበት፤ ባለፈው ሳምንት ደም አስታወከ። በአውሮፕላን ወሰዱት፣ ተርፏል ይላሉ። ሰዉ ሁሉ "አረቄው ነው" ሲል እኔም እንክብሉን እንደ ሰጠሁት ደበቅሁ። ነገ ለኃላፊዬ እናገራለሁ እያልሁ ይኸው ሦስት ቀኔ።

እትዬ፣ ላንቺም የላክሁት ከዚያው ከደበቅሁት ነው። "ወንድሜ የባለሥልጣን መድኃኒት ላከልኝ" ብለሽ ለጎረቤት ማሳየትሽን ስትጽፊልኝ ኮርቼ ነበር። ጓድ አሸብርን ፈርቼ አልጠየቅሁትም። አንቺን ደግሞ ስለምወድሽ ለመላክ ቸኮልሁ፣ አልጠየቅሁሽም። እንደ ደንቡ የጠየቅሁት የናቅኋትን ሴት ብቻ ነው፤ እሷም ዓሣ አመጣችልኝ።

ከዚህ ጋር ፓራሲታሞል ልኬልሻለሁ። እግርሽን በፋሻ ጠቅልለሽ ከፍ አድርገሽ አሳርፊው። ዓይነ ምድርሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ አንዲት ቀን ሳታሳድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ። እግዚአብሔር የኔን ጥፋት ባንቺ ላይ አያድርገው።

አፍሮ የሚጽፍልሽ ወንድምሽ፣
ወንዳፍራሽ

ቀድሜ ልጠይቅሽ የሚገባኝን አሁን ልጠይቅሽ፦ በጾም ጊዜ ያቃጥልሽ የነበረው ጨጓራሽ፣ እትዬ፣ ተሽሎሻል?