የአማቴ ቀይ አበባ

ጥቅምት 5
የእረፍት ቀን። ልብስ አጠብኩ። አማቴ በረንዳው ሥር ወንበር አውጥተው የቁጥቋጧቸውን ቅጠል ሲያገላብጡ ዋሉ።

«አምናም አረንጓዴ፣ ዘንድሮም አረንጓዴ።»

ቤታቸው ሲሸጥ ከግቢያቸው ቆርጠው ያመጡት ነው። እዚያ ብርድ ሲገባ የላይ የላዩ ቅጠል ደም ይመስል ነበር አሉ። «እሷም እንደኔ ቤቱን አልለመደችውም። ዘንድሮ ካልቀላች ልጄ ጋ እሄዳለሁ።»

ልጃቸው የባሌ እህት ናት። ለታኅሣሥ መጨረሻ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ ብላለች... አምና ቢሆን ሻንጣቸውን እኔው በተሸከምኩላቸው ነበር። አሁን ምን ከነከነኝ?

ጥቅምት 8
ችግኝ ሻጩ ሳል ይዞት የምሠራበት ፋርማሲ መጣ። ሽሮፑን እየሰጠሁት ቁጥቋጦዋ ለምን እንደማትቀላ ጠየቅኩት።

«ማታ አምፖል ይበራባታል?» አለኝ።

ይበራል እንጂ! ሌባ ከገባብን ወዲህ የበረንዳው መብራት ጠፍቶ አያውቅም።

«ታዲያ እንዴት ትቅላ? ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ጠዋቱ ሁለት ድቅድቅ ጨለማ ትፈልጋለች። ሁለት ወር ሙሉ።»

መብራቱን እንዳላጠፋው አማቴ ጨለማ ይፈራሉ። ትልቅ የመድኃኒት ካርቶን ተሸክሜ ገባሁ። አልነገርኳቸውም። ባይሳካስ?

ጥቅምት 9
ማታ ካርቶኑን ደፋሁባት። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አነሳለሁ።

ኅዳር 10
ምንም የለም። አረንጓዴ። ሥራ ላይ ሁለቴ ተሳሳትኩ። ባሌ ከመንገድ ደወለ፤ «ለቅጠል ነው እንዲህ የምትሆኚው?» አለኝ። ለቅጠል ነው?

ኅዳር 17
ምሽት ላይ ውሃ ልቀዳ ብወጣ ካርቶኑ መሬት ላይ ነው። አማቴ አጠገቡ ቆመዋል።

«እርስዎ ነዎት የሚያነሱት?»

«በየማታው። እንዳታውቂብኝ ሳይነጋ እመልሰዋለሁ።»

«ለምን?»

ካርቶኑን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እንዳትቀላ ብለሽ አይደል የምትሸፍኛት? እንድሄድልሽ።»

ክው አልኩ። እኔ?! «እንዳይሄዱብኝ ነው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። አምልጦኝ ነው። እኔም ገና መስማቴ ነበር።

ኅዳር 18
ችግኝ ሻጩ ያለውን ነገርኳቸው። «ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ? ሁለት ሞኞች!» አሉ። እንደ አዲስ ጀመርን። ማታ እኔ ልሸፍን፣ ጠዋት እሳቸው ሊያነሱ።

ሁለት ወር ግን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አይሞላም። ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ...

ታኅሣሥ 21
እንቅልፍ የለም። ሻንጣቸውን አልጋው ላይ አየሁት። ለምን አልጠይቃቸውም? ፈራሁ።

ታኅሣሥ 29
የባሌ እህት መጣች። ቁጥቋጦውን ዞራ አየችው። «እማዬ፣ ይኸው አልቀላችም። በይ ተነሺ።»

አማቴ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። «ወሯ መች ሞላ?»

«ካልቀላች እመጣለሁ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«ብያለሁ። ማታ ምራቴ ትሸፍናለች። ጠዋት ማን ያነሳላታል?»

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከደስታ ነው። ቅጠሉ ዛሬም አረንጓዴ ነው።