በቄሱ ፊት የምትነገር አንዲት ቃል

ካሾኤራ፣ ባሂያ
ነሐሴ 12 ቀን 1867

ይድረስ በፓራጓይ ጦር ሜዳ ላለኸው ለባለቤቴ ለዴሲዴሪዮ፣

የልጄ አባት፣ ጥይቱም ኮሌራውም ስቶህ ይህ ደብዳቤ በእጅህ ይግባ። የሚጽፍልኝ ልብስ ሰፊው ሰቬሪኖ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ሊያሳምረው ይሞክራል፣ እኔ እቆጣዋለሁ።

ወንድ ልጅ ወለድን። ጆሮው ቁርጥ ያንተ ነው።

በጌታው ልጅ ፈንታ ነጻ ወጥተህ ስትዘምት፣ ጌታው «የሚወለደውን ልጅ ክርስትና ሲነሳ በቄሱ ፊት ነጻ ነው እላለሁ» ብለውን አልነበር? ያቺ ቃል ካልተነገረች ልጁም እንደ እናቱ ባሪያ ተብሎ ይመዘገባል። በተወለደ በሳምንቱ ታቅፌው ደጃቸው ቆምኩ።

«ባልሽ ከድቶ ይሆናል፤ ማን ያውቃል? ማስረጃ አምጪ» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ ልጅዎ እዚህ ቁጭ ብለው ምሳ የሚበሉት እሱ እዚያ ስላለ አይደለም እንዴ?»

ለዚህ አፌ ሦስት ቀን በግንድ ታሰርኩ። ልጁን ግን ሳላስጠምቅ ያዝኩት፣ አራት ወር ሙሉ። አብራኝ አገዳ የምትቆርጠው ሮማና እረፍት ነሳችኝ። «የጌታ ቃል? ላም አለኝ በሰማይ! አንቺ ሴትዮ፣ ሳይጠመቅ ቢሞትብሽ ምን ይውጥሻል?» ትለኛለች።

«ነጻ ሳይባል አላስጠምቀውም» እላታለሁ። ግን እፈራ ነበር፣ ዴሲዴሪዮ። አጥፍቼ እንደሆነ አላውቅም።

ባለፈው ሰኞ ትኩሳት ያዘው። ወፍጮው ቤት ድረስ ሮጬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ነገ» አሉኝ። ማክሰኞም «ነገ» አሉኝ። ረቡዕ ትንፋሹ ሲያጥር ቄስ መጥራት አልቻልኩም፤ በቅል ውሃ ቀድቼ ራሴ አጠመቅሁት። ስሙን ዴሲዴሪዮ አልኩት። «ነጻ ነህ» አልኩት ጆሮው ስር፣ እኔው ባሪያዋ። የሰማ ይመስለኛል፣ ጣቴን ያዝ አድርጎ ነበር።

አሁን ትኩሳቱ ለቆታል። አያለቅስም። ሰቬሪኖ ነጭ ቀሚስ ሰፍቶለት እሱን ለብሷል፣ ያምርበታል።

ሐሙስ ዕለት ጌታው ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን መጡ። ማንም ሳይለምናቸው «አባ፣ ነጻ ብለው ይጻፉት» አሉ። አባ ኢናሲዮም «ዴሲዴሪዮ፣ ነጻ» ብለው ጻፉት። ከእንግዲህ ማንም አይሸጠውም። ስለ እሱ አትጨነቅ። መዝገቡን ስትመጣ አባ ያሳዩሃል።

ሮማና ሰላም ብላሃለች፤ አሁን አትቆጣኝም።

እግዚአብሔር ከፊትህም ከኋላህም ይሁን፤ የሄድክባትን መንገድ ለመመለሻ ያቆይልህ። አንተ እንኳ አትሙትብኝ።

ሚስትህ ፌሊስበርታ