ዘይቷን ስለጠጣችው ፒክአፕ እና ስለ ክቡርነትዎ ፊርማ

ለክቡር አቶ ዴንጌ ሞሉ
የአውራጃው የመንግሥት ተሽከርካሪዎች ጥገና ኃላፊ
ሰሜን ኬንያ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ ከወንበሩ፣ እጅዎም ከወተት ሻዩ ጋር እንደተስማሙ ይኖሩ ዘንድ ምኞቴ ነው፤ ከሞተር ዘይት ጋር ግን ተዋውቀው ስለማያውቁ በዚያ በኩል አልሰጋልዎትም። እኔ ከዳገቱ ማዶ ያለችው የኤል ጉዳ ጤና ጣቢያ አዋላጅ፣ ቃባሌ ሁቃ ነኝ። የምጽፍልዎ ላመሰግንዎ ነው፤ ምስጋናዬም ስለበዛ በተራ አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፤ ወላዶችን የምናመላልስባት አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ሰማያዊ ጭስ መትፋትና ማፏጨት ስትጀምር፣ ሾፌራችን ጃተኒ ወደ ግቢዎ ቢያመጣት ክቡርነትዎ ከመስኮት ሆነው ስለመረመሯት አመሰግናለሁ። «ጌታዬ፣ ለሞተሩ አየር የሚገፋው ቱርቦ ዘይት ያፈሳል፤ ወደ አየር ማስገቢያው እየገባ ነው፤ ይፈታና ይታይ» ቢልዎት፣ «ሰውም መኪናም ሲያረጅ ያስላል፤ አንተ ዘይት እየጨመርክ ንዳ» ብለው የመለሱለት ቃል በሰፈራችን እስካሁን ይጠቀሳል። ኮፈኑ ሳይከፈትም «ለአገልግሎት ብቁ» ብለው ፈረሙ።

ሁለተኛ፤ ዳግመኛ ሲያመጣት ሞተሩን በውሃ አሳጥበው፣ የተሰነጠቀውን የአየር ማስገቢያ ቱቦ በጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ አስጠቅልለው ሸኙት። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲያ ንጹሕ ሆኖ የሚያፈስ ሞተር አይተን አናውቅም።

ሦስተኛ፤ ጉማቶ የምትባል ወላድ ምጥ ጠንቶባት ደም ሲፈስሳት፣ ወደ ሆስፒታል ይዘናት ወጣን። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጃተኒ እግሩን ከነዳጁ ቢያነሳም ሞተሩ ብቻውን ይጮህ ጀመር። ቁልፉን አጠፋ፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ቱርቦው የሚያፈሰውን የገዛ ዘይቱን እየጠጣ እንደ በሬ አጓራ፤ ጭሱም ጋቢናውን ሞላው። ጉማቶ እጄን ጨምድዳ ይዛ «ቃባሌ፣ ተቃጠልን ወይ?» አለችኝ። «አይዞሽ እህቴ፣ አንቺ ብቻ ተንፍሺ» አልኳት፤ የእኔ ትንፋሽ ግን የት እንደገባ እንጃ። ጃተኒ ፍሬኑን ረግጦ፣ የመጨረሻውን ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በድንገት ለቀቀው፤ ሞተሩ ታንቆ መኪናዋ ተንቀጥቅጣ ዝም አለች፤ ከዚያ ወዲያም አልተነሳችም። ፍየል የጫነ ካሚዮን ደረሰልን፤ ሕፃኑም ሆስፒታል ሳንደርስ እዚያው ፍየሎቹ መካከል ተወለደ። እናቲቱ ደም ተሰጥቷት ተረፈች።

አራተኛውና ከሁሉ የሚልቀው ውለታዎ ጃተኒን «የመንግሥት ንብረት በማውደም» ከሥራ ማሰናበትዎ ነው። ቱርቦውን ለማየት ያልተገኘው ጊዜ ለዚህ በመገኘቱ እጅግ ተደንቀናል። ጃተኒ ውሳኔውን ሲሰማ ቁጣ እንኳ አልወጣውም፤ «ሴትዮዋን ጥዬ ከመኪናው ብዘል ኖሮ ይሾሙኝ ነበር ማለት ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። መልሱን ስለማላውቅ ጥያቄውን ለክቡርነትዎ መርቼዋለሁ።

ይህ ደብዳቤ በገበያው በር፣ በመስጊዱ አጥርና በቢሮዎ ደጃፍ ተለጥፏል። ጃተኒ ወደ መሪው እስኪመለስ ድረስ ቢቀደድም ሌላ ይለጠፋል፤ ሙጫ አላጣንም።

ኮፈን ከፍተው ለማያውቁት ለስላሳ እጆችዎ ከሩቅ እጅ የምነሳ፣ በተፈረመባት መኪና ተጉዛ በካሚዮን ላይ የምታዋልድ ትሑት አገልጋይዎ፣

ቃባሌ ሁቃ

ማስታወሻ፦ ውለታዎ እንዳይረሳ በማለት ሕፃኑ በክቡርነትዎ ስም ይጠራ ያለ ሰው ነበር። አያቱ ግን «ልጁ ምን በደለ?» ብለው አስቀሩት።