ወደ ግራ የሚጎትት ሳይክል

እሑድ፣ ኅዳር 7

አልሃምዱሊላህ! ዛሬ ሳይክሌ ፔዳል ሳልነካ የጅሬንን ዳገት ወጣ። ሞተሩን ከኋላ ጎማው በስተግራ ከገጠምኩ ወዲህ ወደ ግራ እየጎተተ ቦይ ሲከተኝ ነው የሰነበተው። ጎረቤታችን ጋሽ ከበደ «ይሄ ሳይክል ጠጥቶ ነው እንዴ?» እያሉ ሲስቁብኝ ነበር።

ጠዋት ባለቤቴ ዘይነባ ዘመድ ልትጠይቅ ሳይክሉ ላይ ከኋላዬ ወጣች። ሴቶች እንደሚቀመጡት በጎን ተቀምጣ፣ ሞተሩ እንዳያቃጥላት እግሯን በቀኝ በኩል አንጠለጠለች። ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ሄደ! ጋሽ ከበደ በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ጡሩንባ ስለሌለኝ በአፌ ነፋሁላቸው።

ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ ዘይነባ፣ «ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው! ያለ እኔ የማይሄድ ሞተር ገጠምክ» አለችኝ።

ነገ ሸቤ የምሄደው ብቻዬን ነው። በእሷ ቦታ ምን እንደምጭን እንጃ።